«በፈቃዳቸው ነው የገቡት» ላላችሁን፦ ግልጽ ደብዳቤ ከጎጃም

ለዞናችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ተዘግቷል የተባለው አቤቱታችን እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

ሰላምታችንን እናስቀድማለን። እኛ ዐሥራ አንድ ቤተሰቦች ነን። ከደብረ ማርቆስ፣ ከደጀን፣ ከሞጣ፣ ከቡሬና በዙሪያቸው ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ተሰባስበን ኮሚቴ አቋቁመናል። ልጆቻችን፣ እህትና ወንድሞቻችን፣ የአንዳችን ደግሞ ባለቤት፣ የአንድ የእምነት ቡድን አባላት «ቤቱ» ብለው በሚጠሩት ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ግቢው ያለው በእናንተ ዞን ስለሆነ የምንጽፈው ለእናንተ ነው። የዞኑንም የግቢውንም ስም እዚህ ያልጠራነው ውስጥ ባሉት ሰዎቻችን ላይ ጣጣ እንዳይመጣ ብለን ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ። ፋይሉ እናንተ ዘንድ አለ።

ለአቤቱታችን መልስ ሰጥታችሁናል። ሦስት መስመር ናት። ግለሰቦቹ ለአካለ መጠን የደረሱ ናቸው፤ በራሳቸው ፈቃድ መግባታቸው በተላከው ቡድን ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ተዘግቷል ትላለች። ቁጥርም ማኅተምም አላት። በስብሰባችን ላይ ሦስት ጊዜ አነበብናት። ከመካከላችን ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት «እና ልጄን አዩት ወይ?» ብለው ጠየቁ። ደብዳቤዋ ውስጥ ለዚህ መልስ አጣን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ስለ ሃይማኖት ልንከራከራችሁ አልመጣንም። ኮሚቴያችን ውስጥ ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ። «ቤቱ» የሚያስተምረው ልክ ነው ወይስ ስህተት ነው የሚለውን እንድትፈርዱልን አንፈልግም። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን እናውቃለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ሰው የፈለገውን የማመን መብት አለው ይላል፤ በዚህ እንስማማለን። ያው አንቀጽ ግን የሰውን የማመን ነፃነት በኃይልም ሆነ በሌላ ሁኔታ በማስገደድ መገደብ እንደማይቻል ይናገራል። «በሌላ ሁኔታ» የምትለዋን ልብ በሉልን። የእኛ ጉዳይ ያለው እሷ ላይ ነው።

እኔ ይህን የምጽፈው የኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንሁ ነው። ግን የአንዱ እህትም ነኝ። ከራሴ ቤት ልጀምር።

ታናሽ ወንድሜ በምሕንድስና ተመርቆ ሦስት ዓመት ሥራ አጥቶ ቤት ተቀመጠ። ጠዋት ይነሳል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይቶ ይመለሳል። ከዚያ መንገዱም ይዘጋ ጀመር፣ ኔትወርኩም ጠፋ፣ ሰሌዳውም ባዶ ሆነ። በዚያው ዓመት አባታችን አረፈ። አርባው በወጣ በሳምንቱ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛው መጣ። የሦስት ቀን የጸሎት ጉባኤ አለ፣ ምግብም መኝታም በነፃ ነው አለው። ሄደ። ማንም አልጎተተውም። የትራንስፖርት የሰጠሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ሦስቱ ቀን ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱም ወር። መጀመሪያ ስልኩን «ለጾሙ» ብለው ተቀበሉት። ቀጥሎ የዲግሪ ወረቀቱን፣ «የዓለም ክብር ነው» ብለው። ቀጥሎ መታወቂያውን። አንዱንም ቀምተው አልወሰዱበትም። ሁሉንም በገዛ እጁ ነው ያስረከበ። ቡድናችሁ የዚያን ቀን ቢጠይቀው ኖሮ «በፈቃዴ ነው» ይል ነበር፤ ውሸትም አይሆንበትም። ግን ስልክ የሌለው ሰው እኅቱን መጠየቅ አይችልም። መታወቂያ የሌለው ሰው ኬላ ማለፍ አይችልም። እያንዳንዱ እሺታ የሚቀጥለውን እምቢታ ከባድ አደረገበት።

በስምንተኛው ወር እናቴን ይዤ ሄድሁ። እናቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች። ቆርቆሮው በር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። መጣ። ከጎኑ አንድ ሰውዬ አብሮት ቆመ። ወንድሜ ከስቷል። ሱሪው በቃጫ ገመድ ታስሯል። እናቴ ከፊቱ በፊት ያየችው ገመዱን ነው። «ቀበቶህ የታለ ልጄ?» አለችው። «እኛ ደህና ነን» አላት። ስለ እሱ ትጠይቀዋለች፣ እሱ «እኛ» እያለ ይመልሳል። «እማ» አላላትም። ስሟንም አልጠራም።

ልንሄድ ስንል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቦራ ወለደች?» አለ።

ቦራ ላማችን ናት። ከጥጃነቷ ጀምሮ እሱ ነው ያሳደጋት። እናቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሜ ዞሮ ገባ። ዳቦውን የተቀበለን ሰውዬው ነው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ቡድናችሁ ያንን ጥያቄ አልሰማም። ወንድሜ ፈቃድ አልባ አልሆነም፤ የላሙን ነገር ይጠይቃል። ግን ሌላ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይቆማል። ይህንን «በፈቃዱ ነው» ብሎ መዝጋት ትክክል አይደለም። «ፈቃዱን ወስደውበታል» ብሎ መጮኽም ሙሉው እውነት አይደለም። የሚታይ ነገር ነው። ሰው ቀርቦ፣ ጊዜ ወስዶ ሊያየው ይገባል። ቅሬታችን ይህን የሚያይ ሰው ስላልላካችሁልን ነው።

ቡድናችሁ እንዴት እንዳረጋገጠ አጣርተናል። ሦስት ሰዎች ሄዱ። ቡና ተፈላላቸው። አባላቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ መሪው ከፊት ተቀምጧል። ከሦስቱ አንዱ «እዚህ ያላችሁት በፈቃዳችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም እጃቸውን አወጡ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ከመግባት እስከ መውጣት ሁለት ሰዓት አልሞላም።

ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ለየብቻ ያናግራል። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ «ይመታሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ሽማግሌ በአገራችን አልገጠመንም። ማንም ሳያስተምረው የመንደር ሽማግሌ የሚያውቀውን ነገር፣ የዞን ቡድን እንዴት ረሳው?

ይህ ጥንቃቄ የሌለው አጠያየቅ ሌላ አገር ምን እንዳመጣ የታወቀ ነው። ጂም ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ ሰባኪ ተከታዮቹን ይዞ ደቡብ አሜሪካ፣ ጉያና ጫካ ውስጥ ሰፈረ። ሰዎቹ ፓስፖርት አውጥተው፣ አውሮፕላን ተሳፍረው በገዛ እግራቸው ነው የሄዱት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978 ሊዮ ራያን የተባለ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የቤተሰቦችን አቤቱታ ሰምቶ ሊያያቸው ሄደ። በአዳራሽ ተዘፈነለት፣ ተጨበጨበለት። ሁሉም ደስተኞች ነን አሉ። በዚያው ጉብኝት ግን አንድ አባል አብሮ ለመጣ ጋዜጠኛ ቁራጭ ወረቀት አቀበለው። ከዚህ እንድንወጣ እርዱን የምትል ወረቀት ናት። በማግሥቱ ከዐሥር የሚበልጡ ሰዎች አብረን እንሂድ ብለው ወጡ። ራያንና ሌሎች አራት ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በጥይት ተገደሉ። በዚያው ቀን፣ ኖቬምበር 18፣ ሰፈሩ ውስጥ ከ900 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኛው በመርዝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ያህል ልጅ ነበር።

የእኛ ሰዎች መጨረሻ እንዲህ ይሆናል አንልም። እንዲህ ያለ ነገር በአፋችን መጥራትም ይከብደናል። የምንለው ስለዚያች ወረቀት ነው። አዳራሹን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው «ሁሉም ደስተኛ ነው» ብሎ ሪፖርት ይጽፍ ነበር። የእናንተ ቡድን ያቺን ወረቀት የምታቀብል እጅ እንድትደርስበት ዕድል አልሰጣትም።

ከኃላፊዎቻችሁ አንዱ ቢሯቸው ስንሄድ «ልጅ ለእምነቱ ብሎ ከቤት መጥፋቱ ለጎጃም አዲስ ነው እንዴ?» ብለውን ነበር። ጥያቄው ልክ ነው፤ ስንወያይበትም ቆይተናል። አዲስ አይደለም። የእናቴ አጎት በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ከብት ከሚጠብቁበት ጠፍተው ዲማ ጊዮርጊስ ገቡ። ደበሎ ለበሱ፣ አኮፋዳ አነገቱ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ቁራሽ ለመኑ። ወላጆቻቸው አለቀሱ፤ ግን አልከሰሱም።

ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የቆሎ ተማሪ በየደጁ ስለሚለምን አገር ያየዋል። መክሳቱን፣ መታመሙን፣ ውሻ እንደነከሰው የመንደሩ እናት ሁሉ ታውቃለች። መምህሩ ካልተስማማው ሌላ ጉባኤ ቤት ይሄዳል። ከዲማ ተነሥቶ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ጎንጅ ቢዞር የሚረግመው የለም፤ እንዲያውም አገር የዞረ ይባልለታል። ከሰለቸው ተመልሶ ሞፈር ይጨብጣል። የእናቴ አጎት ከሰባት ዓመት በኋላ ተመልሰው ገበሬ ሆኑ። እስኪሞቱ ድረስ ሰው «የኔታ» ነበር የሚላቸው። የወጡበት ቤት አላዋረዳቸውም።

ገዳምም ቢሆን ልመንኩስ ብሎ የመጣውን «ና ግባ» ብሎ አያጣድፍም። አመክሮ ይሰጠዋል። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ያገለግላል። አስብበት ይባላል። ከመመንኮሱ በፊት አልቻልሁም ካለ ይሰናበታል። መግቢያው ጠባብ ነው፣ ለአመክሮኛው መውጫው ሰፊ ነው። «ቤቱ» ይህንኑ ገልብጦታል። ለመግባት ሦስት ቀን ይበቃል፣ ያውም በነፃ ምግብ። ለመውጣት ግን ንብረትህን ትተህ፣ ባለቤትህን ትተህ፣ እርግማን ተሸክመህ ነው። ሌላም አለ። እኛ የምናውቀው ንስሐ በሰውዬውና በንስሐ አባቱ መካከል ይቀራል። እዚያ ኃጢአት የሚነገረው በጉባኤ ፊት ነው፣ ደብተር ላይም ይጻፋል። ልውጣ ብሎ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ያ ደብተር ነው።

ለራሳችንም የምንለው አለ። ነገሩ ሲጀመር ከመካከላችን ብዙዎቻችን «አዚም አድርገውበት ነው»፣ «አንዳች ነገር አብልተዋት ነው» ስንል ነበር። በአገራችን ድግምት ማለት ይቀናናል። ለጠንቋይ ገንዘብ የከፈለም አለ። አሁን እንዲህ አናስብም። አይሊን ባርከር የምትባል ብሪታንያዊት የማኅበረሰብ አጥኚ፣ የኮሪያዊውን የሰን ምዩንግ ሙንን ተከታዮች ለዓመታት አጥንታ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1984 አሳትማለች። ያኔ «አእምሮ ያጥባሉ» እየተባለ የሚነገርላቸው እነሱ ነበሩ። ወደ ጉባኤያቸው ከሄዱት ሰዎች ከአስሩ ዘጠኙ ያህል አባል ሳይሆኑ ቀሩ። ከሆኑትም ብዙዎቹ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሳቸው ወጡ። ስለዚህ ሰውን አስሮ የሚያስቀር ተአምረኛ መድኃኒት የለም። ይህ ለእኛ ትልቅ ተስፋ ነው።

ግን ያ አንዱ ለምን ይቀራል? እኛ ዐሥራ አንዳችን ቁጭ ብለን ሰዎቻችን የገቡበትን ጊዜ አንድ በአንድ አወራን። አንዱ አባቱ በሞተ በአርባው። አንዷ ከባሏ በተጣላች በወሩ። ሁለቱ ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ቤት በዋሉበት ዓመት። አንዱ ከስደት ባዶ እጁን ሲመለስ። ከዐሥራ አንዱ ውስጥ በደህና ቀኑ የገባ አንድም አላገኘንም። የተራበ ሰው የቀረበለትን ሲበላ በፈቃዱ ነው። ግን ምርጫው ስንት ነበር ብሎ መጠየቅም አለ።

በኃይል ማውጣትንም ሞክረነዋል፤ መደበቅ አንፈልግም። አንድ አባት ልጁን ገበያ ላይ ይዞ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ቤት ውስጥ በገመድ አሥሮ ሰነበተ። ልጁ ሰባት ቀን አልበላም። በስምንተኛው ሌሊት አምልጦ ወደ «ቤቱ» ተመለሰ። አሁን አባቱ በር ድረስ ቢሄድም አይወጣለትም። አሜሪካ ውስጥም በ1970ዎቹ ቤተሰቦች ሰው እየቀጠሩ ልጆቻቸውን አስጠልፈው ዘግተው ያስቀምጡ ነበር። ከጠላፊዎቹ እስር የተፈረደበት አለ። ልጁን ያሠረው አባት አሁን የኮሚቴያችን አባል ነው። «ገመዱን ባላሳየው ኖሮ ዛሬ ያናግረኝ ነበር» ይላል። ስለዚህ ፖሊስ ልካችሁ በር ሰብራችሁ ሰዎቻችንን እንድታወጡልን አንጠይቅም። ይህን አደራ።

ታዲያ ሰው እንዴት ይወጣል? ከወጡት አንዷ እናት አብራን አለች። አራት ዓመት ቆይታበታለች። «በሩ አንድ ቀን ተቆልፎ አያውቅም» ትላለች። እግሯን የያዛት የለም። ግን ባሏ ውስጥ ነው፣ መሬቷ ውስጥ ነው፣ የምትሄድበት ቤት የላትም። የወጣ ሰው አርባ ቀን አይደፍንም ተብሎ ተነግሯታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የግቢውን ሽንኩርት ገበያ አውጥታ ትሸጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ የድሮ ጎረቤቷ አየቻት። ምንም አልጠየቀቻትም። «ነይ ቡና ጠጪ» ብቻ አለቻት። በሁለተኛው ቅዳሜም እንደዚያው። በሦስተኛው ቅዳሜ አልተመለሰችም። አርባውን ቀን ጎረቤቷ ቤት ሆና ግድግዳ ላይ በከሰል እያሰመረች ቆጠረች። በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት ወጥታ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሹሩባ ተሠራች።

እሷን ያወጣት ያ ሲኒ ቡና ነው፤ ውጭ የሚጠብቃት አንድ ቤት። የእናንተ ቢሮዎች ግን እንደ ጎረቤቷ አልሆኑላትም። መታወቂያ ለማውጣት ሦስት ወር ቀበሌ ተመላለሰች። አንድ ሠራተኛ ሰው በተሰበሰበበት «በፈቃድሽ ገብተሽ የለም እንዴ?» አላት። ያን ዕለት ወደ «ቤቱ» ልመለስ ብላ አስባ እንደነበር ነግራናለች። አሁን ውስጥ ያሉት ይህን ይሰማሉ። ግቢ ውስጥ ወሬ ቶሎ ይደርሳል። ውጭ ያለው ሰው ሲዋረድ የሚሰማ፣ ውስጥ መቅረትን ይመርጣል። ይህም «በፈቃዱ» ተብሎ ይመዘገባል።

ስለ ልጆቹ ደግሞ ጨርሶ አልመለሳችሁልንም። ደብዳቤያችሁ «ለአካለ መጠን የደረሱ» ትላለች። ግቢው ውስጥ በስም የምናውቃቸው ሰባት ልጆች አሉ። መምህርት ነኝ፤ ሁለቱ የእኔ ተማሪዎች ነበሩ። ታናሹ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠ። ዴስኩ ላይ ስሙን በሚስማር ቀርጾት ነበር፤ ያኔ ተቆጥቼዋለሁ። አሁን ዴስኩን ማንም እንዳይቀይረው ለጥበቃው ነግሬያለሁ። አንዷ ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ታጭታለች የሚል ወሬ ደርሶናል። የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑን ለእናንተ አንነግራችሁም። ወላጅ ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብት አለው። ከትምህርት ቤትና ከሐኪም የማስቀረት መብት ግን የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የወጣው ለእነዚህ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በየትኛው ፈቃዱ ገባ ይባላል?

የመሬቱን ነገር በአጭሩ እናንሳው፣ ዝርዝሩ ፋይላችን ውስጥ ስላለ። ከመካከላችን የሦስቱ ቤተሰቦች መሬት በረጅም ዓመት ኪራይ ስም ለግቢው ሰዎች ተላልፏል። ኪራዩ አልተከፈለም። የአንደኛው የመሬት ደብተር በባልና በሚስት ስም ነው፤ ሚስትየዋ ውጭ ናት፣ አልፈረመችም። መሬት ጽሕፈት ቤቱ «ባልየው ፈርሟል» አላት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በስህተት፣ በተንኮል ወይም በኃይል የተገኘ ስምምነት ሊፈርስ ይችላል ይላል። ፊርማ ብቻውን ፈቃድ እንዳልሆነ ሕጉ ከስድሳ ዓመት በላይ ያውቀዋል።

ሕክምናው ግን አያቆይም። ከሰዎቻችን አንዷ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምራ ነበር። መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው። በሁለተኛው ወር «ኪኒን መዋጥ እምነት ማነስ ነው» ተብላ አቋረጠች። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል፤ አጠገቡ ለሚተኛውም ይተርፋል። ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ዐሥራ ስድስት ሴቶች ይተኛሉ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረው ነበር። እምነትና ኪኒን መጣላት የለባቸውም። ጤና ጣቢያው ስለእሷ ጽፎላችኋል፤ ግልባጩ እኛም ጋ አለ። እስካሁን የሄደ ሰው የለም።

ኬንያ ሩቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2023 ማሊንዲ አጠገብ ሻካሆላ ከሚባል ጫካ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ። ፖል ማኬንዚ የተባለ ሰባኪ ተከታዮች ናቸው። ብዙዎቹ በረሃብ ነው የሞቱት፤ ልጆችም አሉበት። ወደ ጫካው የሄዱት ንብረታቸውን ሸጠው፣ በገዛ እግራቸው ነው። ሰውዬው ከዚያ በፊት ተይዞ በዋስ ተለቆ ነበር። ዘመዶች አቤት ብለው ነበር። ይህን የምናነሳው ልናስፈራራችሁ አይደለም። እዚያም አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ «አዋቂዎች ናቸው» ተብሎ የታለፈ ቀን ይኖራል ብለን ስለምናስብ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው።

ፋይሉ ይከፈት። ሰዎቻችን ከግቢው ውጭ፣ አንድ በአንድ፣ ከ«ቤቱ» ማንም ሳይኖር ይናገሩ። ሴቶቹን ሴት ታናግር። አንዴ ብቻ ሳይሆን ሳምንት ቆይቶም በድጋሚ ይጠየቁ። «በፈቃድህ ገባህ ወይ?» ብቻ አትበሉ። «ዛሬ ብትወጣ የት ታድራለህ? መታወቂያህ ማን ጋ ነው? እናትህን ለብቻዋ ማነጋገር ትችላለህ?» በሉ። ይህን ሁሉ ተጠይቆ «እዚሁ እኖራለሁ» ያለውን ሰው እኛም እንተወዋለን። ያማል፤ ግን እንተወዋለን። በኮሚቴያችን ተስማምተን ፈርመንበታል።

የሰባቱ ልጆች ጉዳይ ከአዋቂዎቹ ተለይቶ፣ በዚህ ሳምንት፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ይመራ። መስከረም እስኪመጣ አትጠብቁ። የታመመችውን ሴት የጤና ባለሙያ ሄዶ ይያት፤ አብረዋት የሚተኙትም ይመርመሩ።

የሦስቱ መሬት ውል እስኪጣራ ድረስ ይታገድ። የሌላ አባልም ደብተር ይዞ የሚመጣ ካለ፣ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ባለቤቱን ለብቻው ሳያናግር አይመዝግብ።

ለሚወጡ ሰዎች ቀበሌዎች ያለ ምልልስ መታወቂያ ይስጡ። ማደሪያውን እኛ እናዘጋጃለን፤ በየከተማችን አንድ አንድ ቤት አለን። ከእናንተ የምንፈልገው የወጣ ሰው በአደባባይ እንዳይዋረድ ለሠራተኞቻችሁ ትእዛዝ እንድትሰጡ ነው።

የግቢው ሰዎች የመሰብሰብና የመጸለይ መብታቸው ይጠበቅ። ማንም እንዳይመታቸው፣ ቤታቸውም እንዳይቃጠል ጥበቃ አድርጉላቸው። ውስጥ ያሉት የእኛው ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ደብዳቤ በሠላሳ ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። መልሱን ለማንበብ የማይችሉት እናት፣ ሲነበብላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ «ልጄን አዩት ወይ?»

ባሳለፍነው ወር ወደ በሩ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ወንድሜ አልወጣም። ቦራ ሴት ጥጃ እንደወለደች፣ ጥጃዋም እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ እንዳላት ለበረኛው ነግሬዋለሁ። ይንገረው አይንገረው አላውቅም። የምትልኩት ሰው ወንድሜን ለብቻው ካገኘው፣ ይህንኑ ይንገርልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

የቤተሰቦች ኮሚቴ ጸሐፊ፣
የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት፣
በግቢው የሚኖር ወጣት እህት

ግልባጭ፦
ለዞኑ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ
ለዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት
ለዞኑ መሬት ጽሕፈት ቤት
ለየቤተ እምነቱ አባቶች
ለኮሚቴው አባላት በሙሉ